ካርታ ስታድሉ ጭቅጭቅ እንዳይነሳ፦ የእደላ ቅደም ተከተል ከነምክንያቱ

የካርታ ጨዋታ እንደምወድ የሚያውቁ ሰዎች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቁኛል። አጠያየቁ ይለያያል እንጂ ነገሩ ያው ነው። «ከግራ ነው ከቀኝ የሚጀመረው?» «ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት አድርጌ ብሰጥ ምን ችግር አለው?» «መጨረሻ የተቀመጠው ሰውዬ ካርታ ጨምሮ የእኔን ወሰደብኝ፤ ይሄ ፍትሃዊ ነው?» ለአንዱ መልሼ ሳልጨርስ ሌላው ይደውላል። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

መመሪያው ብላክጃክ፣ ቴክሳስ ሆልደም (የፖከር ዓይነት ነው) ወይም ባካራ ከጓደኞቻችሁ ጋር ስትጫወቱ አዳይ ሆናችሁ ለምትቀመጡ ነው። ካዚኖ ገብታችሁ «አዳዩ ለምን እንዲህ ያደርጋል?» ብላችሁ ለምታውቁም ይሆናል።

አጭሩ መልስ

ካርታው በደንብ ከተበወዘና ማንም ካላየው፣ ከየትኛውም ቦታ ብትጀምሩ የማንም ዕድል አይቀየርም። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ይጠቁራል። ስለዚህ ሒሳቡን እነሆ።

52 ካርታ ውስጥ 4 ኤስ አለ። የመጀመሪያው ሰው ኤስ የማግኘት ዕድሉ 4/52 ነው፤ ከ13 አንድ ማለት ነው። ሁለተኛውስ? የመጀመሪያው ኤስ ከወሰደ ለሁለተኛው 3 ብቻ ይቀራሉ። ካልወሰደ ግን 4ቱም አሉ፣ ካርታው ደግሞ ወደ 51 ወርዷል። ሁለቱን መንገድ ደምሩት፦

(4/52 × 3/51) + (48/52 × 4/51) = 204/2652 = 1/13

ያው ከ13 አንድ ነው። አሥረኛው ሰው ላይም፣ ሃያኛው ላይም ብታሰሉት መልሱ አይቀየርም።

ታዲያ ቅደም ተከተል ለምን አስፈለገ? የቤት ብወዛ ብዙ ጊዜ ድክመት ስላለው ነው አንዱ ምክንያት። ዋናው ግን ሌላ ነው። ማን ስንተኛ እንደሚያገኝ ካርታ ከመታየቱ በፊት ካልተወሰነ፣ አንዱ አይቶ ሊቀይረው ይችላል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ይህን በር ለመዝጋት ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ጀርባቸው ቀለሙ የተለያየ ሁለት እሽግ ካርታ። አንዱ ሲታደል ሌላው ይበወዛል። ቀለማቸው ከተለያየ ደግሞ አንዷ ካርታ ወደ ሌላው ክምር ብትገባ ወዲያው ትታያለች።
- ከተቻለ ፕላስቲክ ካርታ። የወረቀት ካርታ ጫፉ ይታጠፋል፤ የታጠፈ ካርታ ደግሞ ፊቱ እንደተገለጠ ቁጠሩት።
- የመቁረጫ ካርታ። ወፈር ያለ ባለ አንድ ቀለም ፕላስቲክ ነው። ከሌለ ጆከሯን ተጠቀሙ።
- የአዳይ ምልክት፣ ማለትም በተን። ለሆልደም የግድ ያስፈልጋል። የጠርሙስ ክዳንም ይሠራል።
- ቺፕ፣ ማለትም በውርርድ ላይ በገንዘብ ፈንታ የሚቀመጥ ክብ ነገር፤ ከሌለ ማንኛውም የሚቆጠር ነገር።
- ጠረጴዛው ላይ የሚነጠፍ ጨርቅ። ካርታ ሲንሸራተት እንዳይገለበጥ ይይዘዋል።
- ወረቀትና እስክሪብቶ። ብዙ ሰው ይህችን ይንቃታል፤ ጭቅጭቅ የምታስቀረው ግን እሷ ናት።

ደረጃ 1፦ የስህተት ሕጉን ቀድማችሁ ጻፉ

ካርታ ከመነካቱ በፊት ሦስት ነገር ላይ ተስማሙና ጻፉት። ካርታ በስህተት ቢገለጥ ምን ይደረጋል? ሰው ቢታለፍ ምን ይደረጋል? አዲስ ሰው መቼ መግባት ይችላል?

ምክንያቱ ቀላል ነው። ብላክጃክ ላይ ማንም ያልጠየቃት ካርታ በስህተት ወጣች እንበል። «ትጣል» ብትሉም ፍትሃዊ ነው፤ «ለሚቀጥለው ሰው ትሁን» ብትሉም ፍትሃዊ ነው። ሁለቱም ለማንም አያዳሉም። ነገር ግን ካርታዋ 10 መሆኗ ከታየ በኋላ መወሰን ከጀመራችሁ፣ የፈለጋት «ትሁን» ይላል፣ ያልፈለጋት «ትጣል» ይላል። ያኔ ትክክለኛ መልስ የሚባል ነገር የለም። ቀድሞ የተጻፈ ሕግ ካለ ግን ካርታዋ ምንም ብትሆን መልሱ አንድ ነው።

ደረጃ 2፦ ቁጠሩ

ጆከሮቹን አውጡና ካርታውን ቁጠሩ፤ 52 መሆን አለበት። ካርታዎቹን ፊታቸውን ወደ ላይ አድርጋችሁ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታችሁ ሁሉም ሰው እንዲያያቸው አድርጉ። ካዚኖ ውስጥ አዲስ እሽግ ሲከፈት እንዲህ ዘርግተው የሚያሳዩት ለዚሁ ነው። አንዲት ካርታ ከጎደለች ከላይ ባየነው ሒሳብ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች አይሠሩም።

ብላክጃክ በብዙ እሽግ ከሆነም ቁጥሩን እወቁት። 6 እሽግ 312 ካርታ ነው፤ 8 እሽግ 416።

ደረጃ 3፦ በውዙ፣ እውነተኛ ብወዛ

ክርክሩ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ሰው «ዕድሌ ጠመመ» የሚለው ብዙ ጊዜ ካርታው ስላልተቀላቀለ ነው።

ሀ. ካርታዎቹን ጀርባቸውን ወደ ላይ አድርጋችሁ ጠረጴዛው ላይ ዘርግፏቸው። በሁለት መዳፋችሁ እያሽከረከራችሁ አማስሏቸው። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆዩበት።

ለ. ሰብስባችሁ ለሁለት ክፈሏቸው። የሁለቱን ጠርዝ በአውራ ጣት እየለቀቃችሁ አንዱን ክፍል በሌላው ውስጥ አስገቡ። ያ ትርርር የሚለው ብወዛ ነው። ሁለት ጊዜ ድገሙት።

ሐ. ከላይ ትንሽ ትንሽ እያነሳችሁ ጠረጴዛው ላይ አንዱን በሌላው ላይ ደርድሩ። ይህ የላዩን ወደ ታች፣ የታቹን ወደ ላይ ያመጣዋል።

መ. ሁለት ጊዜ ደግማችሁ ትርርር አድርጉት።

በፖከር ቤቶች በሰፊው የሚሠራበት ደንብ ትርርር የሚለውን ብወዛ ቢያንስ 4 ጊዜ ይጠይቃል። ማማሰሉን ከዘለላችሁት ግን 7 አድርጉት። ሰባት ከየት መጣ ለሚል፦ ዴቭ ቤየር እና ፐርሲ ዲያኮኒስ የተባሉ የሒሳብ ሊቃውንት በ1992 ባሳተሙት ሥራ፣ 52 ካርታ በዚህ ዘዴ በደንብ ለመቀላቀል ወደ 7 ብወዛ እንደሚያስፈልገው አሳይተዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ካርታውን በአንድ እጅ ይዞ በሌላው እጅ ጥቂት ጥቂቱን እየጣሉ መበወዝ፣ ያ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ የምንሠራው፣ በጣም ደካማ ነው። ተጠጋግተው የነበሩ ካርታዎች ተጠጋግተው ይቀራሉ። አሥር ጊዜ ብታደርጉትም አይበቃም።

ደረጃ 4፦ አስቆርጡ

መቁረጥ ማለት ክምሩን ለሁለት ከፍሎ የላዩን ክፍል ከታች ማድረግ ነው። የበወዘው ሰው ራሱ አይቁረጥ። ከአዳዩ በስተቀኝ የተቀመጠው ይቁረጥ። በእያንዳንዱ ወገን ቢያንስ 4 ካርታ መቅረት አለበት። የበወዘው ሰው ከላይ ያስቀመጣትን ካርታ ቢያውቅም፣ ሌላ ሰው ሲቆርጥ የት እንደደረሰች አያውቅም። አንዲት ካርታ ብቻ አንስቶ መቁረጥ ግን ምንም አልቀየረም፤ ለዚህ ነው ቢያንስ 4 የተባለው።

ከዚያ የመቁረጫ ካርታዋን ከታች አስገቡ። ይህችን ነገር ለረጅም ጊዜ እንደ ጌጥ ነበር የማያት። አንድ ምሽት ሳድል ክምሩን ትንሽ አዘንብዬ ይዤው ኖሮ፣ ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ የታችኛዋን ካርታ ለአንድ ሰዓት ያህል ሲያያት ቆይቷል። መጨረሻ ላይ ራሱ ነገረኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የታችኛዋን የሚያውቅ ሰው የማትመጣ አንዲት ካርታ ያውቃል፤ ሌሎቻችን አናውቅም። ፕላስቲኳ ይህን ትሸፍናለች።

ደረጃ 5፦ መነሻውን በዕጣ ወስኑ

የመጀመሪያው አዳይ ማን እንደሆነ በስምምነት አትወስኑ። ለእያንዳንዱ አንዳንድ ካርታ ገልጣችሁ ስጡ። ትልቁን ያገኘ ሰው በተኑን ይወስዳል። እኩል ከወጣ እኩል የሆኑት ብቻ ይድገሙ። ከዚያ ካርታው ተሰብስቦ እንደገና ይበወዛል።

ለብላክጃክ ይህ አያስፈልግም፤ አዳዩ ቋሚ ነው። እዚያ ሰዎች የሚጨቃጨቁት ስለ መቀመጫ ነው። መቀመጫ የሚመረጠው ብወዛው ከመጀመሩ በፊት ይሁን፤ በቃ።

ደረጃ 6፦ ውርርዱን ዝጉ

ብላክጃክና ባካራ ላይ የመጀመሪያዋ ካርታ ከመውጣቷ በፊት ሁሉም ቺፑን አስቀምጦ እጁን ያንሳ። አዳዩ «ተዘግቷል» ይበል፤ ጮክ ብሎ። ከዚያ በኋላ የተጨመረም የተቀነሰም አይቆጠርም። ካርታ አይቶ ቺፕ መጨመር የማጭበርበር የመጀመሪያው ትምህርት ስለሆነ ነው ካዚኖዎች በዚህ ጨክነው የሚይዙት።

ደረጃ 7፦ አንድ በአንድ አድሉ

ከአዳዩ በስተግራ ጀምሩ፤ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ሂዱ። ለእያንዳንዱ አንዳንድ ካርታ፣ ከዚያ ሁለተኛው ዙር። አቅጣጫው በራሱ ምንም አስማት የለውም። ከቀኝ ብትጀምሩም ሒሳቡ ያው ነው። ሁሉም የሚያውቀው አንድ አቅጣጫ ካለ ግን ስህተት ሲሠራ ሁሉም ያየዋል።

«ሁለት ሁለት አድርጌ ብሰጥስ?» ለሚለው መልሱ ይኸው። ካለፈው ጨዋታ ካርታዎች ተሰብስበው ሲመጡ አብረው የነበሩ አብረው ይመጣሉ፤ ጥንዶች ከጥንዶች፣ ትልልቆች ከትልልቆች ጋር። ብወዛው ደካማ ከሆነ እነዚህ እንደተጣበቁ ይቆያሉ። ሁለት ሁለት ስትሰጡ ጥንዱ ተጣብቆ ለአንድ ሰው ይደርሳል። አንድ በአንድ ስትሰጡ ይበተናል። በተጨማሪም ቅርብ ለቅርብ ያሉ ካርታዎችን አውቆ ለአንድ ሰው መስጠት ለሚፈልግ አጭበርባሪ ሥራው ይከብደዋል። ብወዛው ፍጹም ቢሆን ኖሮ ሁለት ሁለትም፣ አምስት አምስትም መስጠት ይቻል ነበር። የእኛ ብወዛ ግን ፍጹም አይደለም።

አሁን ጨዋታ በጨዋታ።

ብላክጃክ (21ን ሳያልፉ ወደ 21 መጠጋት ነው ጨዋታው)፦ ለሁሉም አንዳንድ፣ ለአዳዩ አንድ፣ ከዚያ ድጋሚ። ከአዳዩ ሁለት ካርታ አንዷ ተገልጣ ትቀመጣለች። በአንዳንድ ቦታ አዳዩ ሁለተኛ ካርታውን የሚወስደው ተጫዋቾች ሁሉ ከጨረሱ በኋላ ነው። ሰዎች ይህን «ማጭበርበሪያ» ይሉታል። ካርታዋ ቀድማም ትውጣ ዘግይታ፣ ዕድሏ ያው ነው። የሚጎዳው ሌላ ነገር ነው፦ ውርርዳችሁን እጥፍ ካደረጋችሁ በኋላ አዳዩ ብላክጃክ (በሁለት ካርታ 21) ቢያመጣ፣ የተጨመረውም ገንዘብ ይሄዳል ወይስ የመጀመሪያው ብቻ? ጠይቁት። ቅደም ተከተሉ ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው መጠየቅ ያለባችሁ።

ቴክሳስ ሆልደም፦ የመጀመሪያዋ ካርታ ከበተኑ በስተግራ ላለው፣ ማለትም ለስሞል ብላይንዱ (ካርታ ሳያይ ትንሹን የግዴታ ውርርድ ለሚያስቀምጠው ሰው) ትሰጣለች። የመጨረሻዋ በተኑ ለያዘው ሰው። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ በተኑ አንድ ቦታ ወደ ግራ ይሄዳል። ሁለት ሰው ብቻ ሲቀር ብዙዎች ይሳሳታሉ፦ በተኑን የያዘው ራሱ ስሞል ብላይንድ ይሆናል፣ ሁለተኛውን ካርታ የሚያገኘው እሱ ነው፣ ከፍሎፕ (መሃል ላይ ለሁሉም ከሚገለጡት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ካርታዎች) በፊት መጀመሪያ ይናገራል፣ ማለትም ምን እንደሚያደርግ ይወስናል፣ ከፍሎፕ በኋላ ግን መጨረሻ።

ባካራ፦ አንደኛዋና ሦስተኛዋ ካርታ ለፕሌየር፣ ሁለተኛዋና አራተኛዋ ለባንከር (ሰው የሚወራረድባቸው ሁለት ወገኖች ናቸው)። ሌላው ሁሉ በሰንጠረዥ የተጻፈ ነው፤ ማንም ምንም አይወስንም።

ደረጃ 8፦ ካርታ መጣልን አትዝለሉ

ሆልደም ላይ ከፍሎፕ፣ ከተርን (አራተኛዋ የመሃል ካርታ) እና ከሪቨር (አምስተኛዋ) በፊት የላይኛዋ ካርታ ሳትገለጥ ወደ ጎን ትጣላለች። «ጥሩ ካርታ አስጣላችሁኝ» የሚል ሰው ሁሌም አይጠፋም። ካርታዋ ምን እንደሆነች ማንም ስለማያውቅ ማንንም አልጠቀመችም፣ ማንንም አልጎዳችም። የምትጣለው ውርርዱ እየተካሄደ ሳለ የላይኛዋ ካርታ ጀርባ ለሁሉም ስለሚታይ ነው። ምልክት ካለባት፣ ጫፏ ከታጠፈ፣ ወይም አንዱ በጨረፍታ ካያት፣ ያ እውቀት ከንቱ ይሆናል።

ባካራ ላይ አዲስ ጫማ ሲጀመር (ጫማ ያልኩት ካርታው የሚወጣበትን ሳጥን ነው፤ በእንግሊዝኛው ሹ) የመጀመሪያዋ ካርታ ትገለጣለች፤ በቁጥሯ ልክ ካርታ ይጣላል።

ደረጃ 9፦ የመናገር ተራን አክብሩ

የእደላ ተራና የመናገር ተራ ይምታታሉ። የመጀመሪያው ዕድልን አይቀይርም። ሁለተኛው ግን በደንብ ይቀይራል፤ ምክንያቱም እውቀት አለበት። ካርታ ማንንም አያውቅም፤ ሰው ግን የቀደመውን ሰው አይቶ ይወስናል።

ሆልደም ላይ መጨረሻ የሚናገር ሰው የሌሎችን እርምጃ ሁሉ አይቷል። ትልቅ ጥቅም ነው። በተኑ የሚዞረው ይህ ጥቅም ለሁሉም እንዲደርስ ነው። ስለዚህ በተኑ መንቀሳቀሱን መርሳት ካርታ ከመሳሳት ይብሳል። ተራው ሳይደርስ «እኔ ጥያለሁ» የሚልም ሰው ሳያውቀው ለአንዱ መረጃ እየሰጠ፣ ሌላውን እየጎዳ ነው። በትህትና አስቁሙት።

ብላክጃክ ላይ የቤቱ (የካዚኖው ወይም የአዳዩ) ጥቅም የሚመጣውም ከዚህ ነው። እናንተ ቀድማችሁ ትጫወታላችሁ። ከ21 ካለፋችሁ ቺፓችሁ ወዲያው ይነሳል። አዳዩም በኋላ ከ21 ቢያልፍ አይመለስላችሁም። አዳዩ ከ100 ጨዋታ በግምት 28ቱ ላይ ከ21 ያልፋል፤ ከእነዚያ ውስጥ እናንተ ቀድማችሁ የወጣችሁባቸው ለቤቱ ናቸው። ፍትሃዊነት የሚያሳስበው ሰው ዓይኑን እዚህ ላይ ይጣል እንጂ ከግራ ወይም ከቀኝ መጀመሩ ላይ አይደለም።

ባካራም እንደዚያው። ባንከር ሦስተኛ ካርታ መውሰዱ የሚወሰነው የፕሌየር ሦስተኛ ካርታ ከታየ በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት ባንከር ትንሽ አብልጦ ያሸንፋል። 5% ኮሚሽን የሚቆረጠውም ለዚህ ነው። ከኮሚሽኑ በኋላ በ8 እሽግ የቤቱ ጥቅም ባንከር ላይ 1.06%፣ ፕሌየር ላይ 1.24% ነው። እኩል ይወጣል ብሎ መወራረድ ግን 14.36%። ከዚያኛው ራቁ።

ደረጃ 10፦ ስህተት ሲፈጠር

ቁሙ። ሁሉም እጁን ከካርታው ያንሳ። ከዚያ ወረቀቱን እዩ። ለሆልደም በውድድሮች በሰፊው የሚሠራባቸው ሕጎች እነዚህ ናቸው፤ እንዳሉ ገልብጧቸው።

እደላው ተሰርዞ እንደገና የሚበወዘው፦
- የመጀመሪያዋ ካርታ ለተሳሳተ ሰው ከሄደች፣
- ካርታ የሚገባው ሰው ከታለፈ ወይም ለማይገባው ከተሰጠ፣
- ከክምሩ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርታዎች አንዷ በአዳዩ ስህተት ከተገለጠች፣
- ከየትኛውም ቦታ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ካርታ ከተገለጠ።

ከእነዚህ ውጭ አንዲት ካርታ ብቻ ብትገለጥ እደላው ይቀጥላል። ዙሩ ሲያልቅ ካርታዋ ለተገለጠችበት ሰው ከላይ ምትክ ይሰጠዋል። የተገለጠችው ከፍሎፕ በፊት የምትጣለዋ ካርታ ትሆናለች። ለምን ወዲያው አይተካለትም? ቅደም ተከተሉ ለሌሎቹ እንዳይዛባ ነው። ዕድሉ ያው ቢሆንም፣ «የእኔ ካርታ ለእሱ ሄደ» የሚል ሰው እንዳይኖር።

ጊዜም ገደብ አለው። ሁለት ሰው በተራው ተናግሮ ቢያንስ አንዱ ቺፕ ካስገባ፣ ወይም ሦስት ሰው በተራው ምንም ይሁን ምን ከተናገረ፣ መሰረዝ የለም። ይህ ገደብ ባይኖር መጥፎ ካርታ የደረሰው ሁሉ ስህተት ሲፈልግ ያመሽ ነበር።

ፍሎፑ ላይ 3 ሳይሆን 4 ካርታ ቢወጣስ? አራቱንም ገልብጣችሁ አማስሏቸው። ከጨዋታው ውጭ ያለ ሰው አንዷን ሳያይ ይምረጥ፤ እሷ ቀጣይዋ የምትጣል ካርታ ትሆናለች። የቀሩት ሦስቱ ፍሎፕ ናቸው። «አራተኛዋ የቷ እንደሆነች አይቻለሁ» ለሚል ጆሮ አትስጡ።

ተርን ውርርዱ ሳያልቅ ቀድሞ ቢወጣ፦ ካርታዋን ወደ ጎን አድርጓት። ውርርዱ ሲያልቅ እንደ ደንቡ አንዷን ጣሉና ሪቨር ትሆን የነበረችውን ካርታ በተርን ቦታ አውጧት። የዚያ ዙር ውርርድ ሲያልቅ ወደ ጎን ያደረጋችኋትን ከቀሪው ክምር ጋር በውዙ፤ የተጣሉትን ግን አትቀላቅሉ። ከዚያ ምንም ሳትጥሉ ሪቨርን አውጡ።

«ካርታዬን ወሰደብኝ» ለሚል ሰው

ብላክጃክ ላይ መጨረሻ የተቀመጠ ሰው ካርታ ይጨምራል። ቀጥሎ አዳዩ ጥሩ ካርታ ያወጣና ሁሉን ያሸንፋል። ሁሉም ወደ መጨረሻው ሰው ያፈጣል። እሱ ባይጨምር ኖሮ አዳዩ ከ21 ያልፍ ነበር ይባላል። እውነት ነው፣ በዚያች ጨዋታ። ግን በሌላ ቀን ያው ሰው ጨምሮ አዳዩን ገደል ከትቶታል። ያን ቀን ማንም አላመሰገነውም።

በክርክር አታሳምኑትም፤ በሙከራ አሳዩት።

1. ከኤስ እስከ ኪንግ 13 ካርታ ውሰዱ። አዳዩ 16 ይዟል እንበል።
2. ከ6 እስከ ኪንግ ያሉት 8 ካርታዎች አዳዩን ከ21 ያሳልፉታል። 5ቱ (ኤስ፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5) ያድኑታል።
3. በደንብ በውዙ። የላይኛዋን ግለጡ፤ አሳላፊ ከሆነች በመጀመሪያው ዓምድ ጭረት ጻፉ። ይህ መጨረሻ ያለው ሰው ሳይጨምር ሲቀር ነው።
4. ሁለተኛዋንም ግለጡ፤ አሳላፊ ከሆነች በሁለተኛው ዓምድ ጻፉ። ይህ ሲጨምር ነው።
5. 50 ጊዜ ድገሙት።

ሁለቱም ዓምዶች ወደ 31 ይጠጋሉ። ልክ 31 ላይ አይወድቁም፤ አንዱ 28 ሌላው 33 ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው 50 ደግሞ ሊገለባበጡ ይችላሉ። በወረቀት ለሚፈልግ፦ (8/13 × 7/12) + (5/13 × 8/12) = 96/156 = 8/13። ሳይጨምርም 8/13፣ ሲጨምርም 8/13።

የተለመዱ ስህተቶች

ጨዋታው ካለቀ በኋላ «ቀጣይዋ ምን ነበረች?» ብሎ ካርታ መግለጥ። ጨዋታውን አይቀይርም፤ ሰላም ግን ያደፈርሳል። እኔ ጠረጴዛ ላይ ክልክል ነው።

ተከታታይ የተሸነፈ ሰው «እስቲ ካርታውን ልቁረጠው» ብሎ በመሃል መጠየቁ። በጨዋታዎች መካከል ከሆነ ይቁረጥ፤ ማንንም አይጎዳም፣ ልቡም ያርፋል። አንዲት ካርታ እንኳ ከወጣች በኋላ ግን አይሆንም።

አዲስ ሰው መሃል ላይ ሲገባ መቆጣት። መግባቱ ቅደም ተከተሉን ይቀይራል እንጂ ዕድላችሁን አይቀይርም። አንዳንድ ካዚኖ ብላክጃክ ላይ ጫማው ሳያልቅ መግባትን ይከለክላል፤ ተጫዋቾች ዕድላቸውን ለመጠበቅ ይመስላቸዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ከኋላ ቆሞ የወጡትን ካርታዎች ሲቆጥር የነበረ ሰው፣ የቀረው ክምር ሲመቸው ብቻ እንዳይገባ ነው። አይቶ የሚገባ ሰው ደግሞ ደረጃ 1 ላይ ያልነው ችግር ራሱ ነው።

የጣሉትን ካርታ ማሳየት፣ ለጎረቤት ብቻም ቢሆን። ለአንዱ ከታየ ለሁሉም ይታይ።

ማስጠንቀቂያ

ቅደም ተከተሉን በትክክል ጠበቃችሁ ማለት የቤቱ ጥቅም ጠፋ ማለት አይደለም። ካዚኖ ሕጉን አክብሮ እያደለም በረጅሙ ያሸንፋል። በብዙ አገር በገንዘብ መጫወት በሕግ የተገደበ ስለሆነ ያላችሁበትን ሕግ እወቁ። ቺፕ ብቻ ይዛችሁም ጨዋታው ይጣፍጣል።

ስትጨርሱ

ካርታውን እንደገና ቁጠሩ። 51 ከመጣ ጠረጴዛው ስር፣ ሶፋው ውስጥ፣ ጨርቁ እጥፋት ውስጥ ፈልጉ። ጉድለቱ የታወቀው ጨዋታ እየተካሄደ ሳለ ከሆነ፣ ያ ጨዋታ ይሰረዝና ሁሉም ቺፑን ይወስዳል። ያለፉት ጨዋታዎች ግን እንዳሉ ይቆያሉ፤ ካርታዋ መቼ እንደወደቀች ማንም ስለማያውቅ ወደ ኋላ ተመልሶ ማስላት አይቻልም። ይህንንም ወረቀቱ ላይ ጻፉት።